ለድመት የተሠራ ሹራብ

እጄ ላይ ያለውን ሹራብ አይቶ «ለማን ነው?» ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር። «ለድመቷ።» ሰውም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆዴ በነጠላዬ ሥር እንደተደፋ ድስት ጉብ ብሎ እየታየ፣ አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ እጅጌ እየሠራሁ፣ ለድመት ነው ስል የሚያምነኝ ሰው እንደማይኖር ጠፍቶኝ አይደለም። እንዲያምነኝ የፈለግሁትም ሰውን አልነበረም።

ማንን እንደነበር ዛሬም ስሙን መጥራት አልወድም። ያኔ ጅጅጋ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ሰሌዳ ላይ የልብን አራት ክፍል ስዬ፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ለአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አስረድቼ፣ ቤቴ ስደርስ በግራ እግሬ መግባቴ ትዝ ካለኝ ተመልሼ ወጥቼ በቀኝ የምገባ ሴት ነኝ። ባለቤቴ «የአንቺ ዲግሪ እስከ በሩ ድረስ ነው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እውነቱን ነው። በሟርት አላምንም፤ ግን አልነካካውም።

ደግሞም ዝም ብዬ የፈራሁ አይደለሁም፤ ያየሁትን አይቼ ነው። የመጀመሪያውን የፀነስኩት አፍደም ተመድቤ ሳስተምር ነው። አፍደም ባቡር ሲመጣ የሚነቃ፣ ባቡሩ ሲሄድ መልሶ የሚተኛ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው እንኳ ላብ የሚንቆረቆርበት ከተማ ነው። እዚያ ሐሩር ውስጥ ቁጭ ብዬ ሱፍ በሱፍ የሆነ የሕፃን ልብስ ሠራሁ። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሹራብ፣ ጓንት ሳይቀር። ጣቢያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሁልጊዜ «መምህርት፣ ይኼ ልጅ የሚመጣው ከደብረ ብርሃን ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር። እኔ ግን መሥራት እወድ ነበር። ሁለቱ መርፌዎች ሲጋጩ የሚያሰሙትን ድምፅ፣ ክሩ በጣቴ ላይ ሲያልፍ የሚሰማኝን ሙቀት እወድ ነበር፤ ደግሞ ልጅ እንደሚወለድ ተራ ነገር፣ ነጋ ጠባ እንደማለት፣ እርግጠኛ ነበርኩ። በስድስተኛው ወር ወረደ።

እናቴ ከደጋ መጣች። ታጽናናኛለች ስል ገና ከበሩ ገብታ ዕቃዋን ሳታስቀምጥ አልጋው ራስጌ ላይ የተደረደረውን ልብስ አየች። «ማን ሳይወለድ አልብሺው አለሽ?» አለችኝ። የእኛ ሀገር ሰው ያውቀዋል፤ ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይዘጋጅም፣ ስም አይወጣም፣ ሰው ፊትም ብዙ አይወራም። ሁሉንም በፌስታል ጠቅልላ ይዛው ወጣች። የት እንዳደረሰችው አልጠየቅኋትም።

ሁለተኛውን የፀነስኩት ወደ ጅጅጋ ከተዛወርኩ በኋላ ነው። ያኔ ሕጉን አከበርኩ። መርፌዎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩ፤ አንድ ቀለበት ክር አልሠራሁም፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እሱም ወረደ። እናቴ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች በስልክ፣ እያለቀሰች። ታዲያ ምን ቀረኝ? ሠርቼም ሆነ፣ ሳልሠራም ሆነ።

ሦስተኛውን ስፀንስ ሐኪሙ ገና ከጅምሩ «ከአልጋ አትነሺ» አለኝ። የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ የተባለውን ፈቃድ ሁሉ ወስጄ ተኛሁ። ባለቤቴ ደወሌ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ዕቃ በጉምሩክ የሚያሳልፍ ሠራተኛ ነበር። በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በመኪና ጅጅጋ እያለ ሲፈቀድለት ይመጣል፣ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይመለሳል። የቀረውን ጊዜ ከግድግዳው ጋር ነበርኩ። ወቅቱ የጅጅጋ ነፋስ የሚበረታበት ነው። ከሰዓት በኋላ ይነሣና ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ አልጋ ልብሱ ላይ ይተኛል። ሥራ የለመደ እጅ ሥራ ሲያጣ ክፉ ክፉውን ያሳስባል። አንድ ቀን ጣቶቼ አንሶላው ጫፍ ላይ በራሳቸው ሲንቀሳቀሱ አየኋቸው፤ ክር ሳይኖር ይሠሩ ነበር።

ያኔ ነው ድመቷን ምክንያት ያደረግኋት።

ድመቷ የአከራያችን ነበረች። አከራያችን በዕድሜ የገፋች ሶማሌ ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ይላታል፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው፤ እኔም ኤዶ እላታለሁ። እሷ ደግሞ አስተማሪ መሆኔን አክብራ መዓሊማ ትለኛለች። ከድንበር በኩል በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ ልባሽ ጨርቅ ትነግዳለች። መጋዘኗ ግቢያችን ውስጥ ነው፣ የእኔ ክፍል ደግሞ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቦንዳውን አይጥ እንዳይበላባት ድመቶች ታኖራለች። ከነሱ አንዷ፣ ግራጫ፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረሰ፣ እኔ መተኛት ስጀምር እሷም ሥራዋን ትታ እኔ ጋ ገባች። ኤዶ «ከሥራ ለቀቀች፤ እንደ አንቺ ፈቃድ ወጣች» አለች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል፤ ይህቺ ግን አይጥ ፊቷ ቢያልፍ እንኳ ቀና ብላ አታይም ነበር። እግሬ ሥር ጀምራ፣ ጉልበቴ ጋ ደርሳ፣ በሳምንቱ ሆዴ ላይ ተኛች።

ድመት ለእርጉዝ ሴት ጥሩ እንዳልሆነች ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ራሴ የማስተምረው ነገር ነው፤ ችግሩ ከኩሷ እንጂ ከፀጉሯ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «አስወጪያት» አለችኝ። ኤዶ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ድመት ንጹሕ ናት፤ እሷን ማባረር ሐራም ነው» አለች፣ ከዚያም ያለ ክርክር በየማለዳው መጥታ የአሸዋ ሣጥኗን ራሷ ማጽዳት ጀመረች። እኔ እጄን ታጠብኩ፣ ድመቷ ቀረች።

ክሩም የኤዶ ነው። እጅጌያቸው ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ ብል የበላቸው፣ የማይሸጡ ሹራቦች ከቦንዳው ሲወጡ ታመጣልኛለች። ከብብት በኩል ስፌቱን ይዤ እፈታለሁ። የድሮውን ቅርጽ አልለቅ ብሎ የሚጨማደደውን ክር ወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሜ፣ ረጥቦ፣ ከታች ውኃ የሞላ ጠርሙስ ታስሮበት ሲሰቀል በማግሥቱ ቀጥ ይላል። መርፌዎቼ ከአሮጌ ጃንጥላ ዘንግ የተሠሩ ነበሩ። ሰው ልባሽ ጨርቅን «የሞተ ፈረንጅ ልብስ» ይለዋል። በቀልድ ነው የሚለው። እኔ ግን ተኝቼ አንዱን እጅጌ ስፈታ፣ ክንዱን እዚህ ውስጥ የከተተው ሰው አሁን የት ነው እያልኩ አስብ ነበር፤ ሐሳቡ አንዴ ከገባ በኋላ ለማውጣት አስቸገረኝ።

በዚህኛው እርግዝና መጀመሪያ ሠርቼ የጨረስኩትን ሹራብ ለድመቷ አለበስኳት። ቃሌ ነዋ! በትንሿ አንገት ጭንቅላቷን አስገብቼ፣ የፊት እግሮቿን በእጅጌው አውጥቼ ስለቃት፣ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች ሄዳ ግድግዳውን በቂጧ ገጨችና ወደቀች። ባለቤቴ ያን ሰሞን መጥቶ ነበር፤ እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅሁ። ሹራቧን አውልቄ አጥቤ አጣጥፌ ከትራሴ ሥር አኖርኩ። ድመቷን ሌላ ጊዜ አለብሳታለሁ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ባለቤቴ ሳቁን አቆመ። ሹራቧን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «አዎ፣ ብርድ ሲመጣ ታስፈልጋታለች» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም አብሮኝ ዋሸ።

የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጊዜ ሙዝ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ክር ስጠቀልል አይታ ደነገጠች። «እርጉዝ ክር አትጠቀልልም! እትብቱ ልጁ አንገት ላይ ይጠመጠማል!» አለችኝ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ አያድርስ ነው። ስቄባት ሸኘኋት። እሷ ከግቢው ሳትወጣ ግን ልቃቂቱን አስቀመጥኩት፣ ዳግመኛም አላነሣሁትም። መጠቅለሉ የባለቤቴ ሥራ ሆነ። ደወሌ ላይ ሹፌርና ነጋዴ የሚለማመጠው ሰውዬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጫቱን በአንድ ጉንጩ ይዞ፣ የሕፃን ክር ይጠቀልል ነበር። እሱ በሌለ ጊዜ ኤዶ ትጠቀልላለች፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

ኤዶ ግን መዋሸቱ ላይ አልተባበረችንም። ሹራቦቹን እያነሣች «ማሻአላህ፣ ለሴት ልጅ ነው ይኼ። ሴት ናት፣ ኢንሻአላህ» ትላለች በሙሉ ድምፅዋ፣ በሩ ክፍት ሆኖ። እኔ «ለድመቷ ነው ኤዶ» እላለሁ በጥድፊያ። «ድመቷማ ፀጉር ሰጥቷታል፤ አላህ ያለበሰውን አንቺ ታለብሺያለሽ?» ትለኛለች። እኔ በሩን ዝጊው እላታለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ አዲስ ቦንዳ ከፍታ እየሮጠች መጣች። በእጇ የሕፃን ሹራብ ይዛለች፤ ቢጫ፣ በእጅ የተሠራ፣ በማሽን ያልተነካ። «ያንቺ ዕድል ነው፤ እነሆ፣ የተዘጋጀ!» አለችኝ። ተቀብዬ አገላበጥኩት። የሥራ ሰው የሥራ ሰውን ያውቃል። ሴትዮዋ፣ የትም ሀገር ትሁን፣ ጎበዝ ናት። አንገቱ ላይ ስትደርስ ቀለበቶቹን እንዳይጠብቁ ብላ አላልታቸዋለች፤ ለአንድ የተወሰነ ልጅ ያሰበች እጅ ብቻ የምታደርገው ነው። ከዚያ ቁልፎቹን አየሁ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ድርቅ ያሉ ናቸው፤ አንድም ጊዜ ቁልፍ አልገባባቸውም። አንገቱ ላይ የወተት ጠብታ የለም። እጅጌው ላይ የታጠፈበት መሥመር አለ፤ ብዙ ዓመት ታጥፎ የኖረ ልብስ የሚያወጣው መሥመር ነው። ማንም አልለበሰውም።

«ውሰጂልኝ» አልኳት። «ምነው? ቆንጆ እኮ ነው።» «ኤዶ፣ በእናትሽ፣ ከዚህ ቤት አውጪልኝ።» ፊቴን አይታ ይዛው ወጣች። በዚያው ቀን እንደተሸጠ ነገረችኝ። ከአልጋዬ ሆኜ ማን ገዛው እያልኩ ስጨነቅ ዋልኩ።

ክፉ ክፉውን ብቻ አወራሁ፤ ደስታም ነበረ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ በሩን ዘግቼ፣ ድመቷ ሆዴ ላይ ተጠቅልላ፣ እኔ መርፌዎቼን በጀርባዋ ላይ አስደግፌ እሠራለሁ። ታንኮራፋለች። ልጁ ከውስጥ ሲራገጥ የድመቷ ጎን ከፍ ይላል። መጀመሪያ ጊዜ ደንግጣ ዘላ ወረደች። በኋላ ለመደችው፤ ሲራገጣት አንዱን ዓይኗን ከፍታ መዳፏን እቦታው ላይ ታሳርፍና መልሳ ትተኛለች። አንዳንዴ ከታች ይመለስላታል። ሁለቱ እኔን ሳይጠይቁኝ የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር። ሥራዬን አቁሜ አያቸዋለሁ። ያን ሰዓት ጅጅጋ ውስጥ ከእኔ የተመቸው ሰው አልነበረም። ወዲያው ግን ደስታዬ ይታወቅብኛል ብዬ እደነግጥና ዐይኔን ወደ ሥራዬ እመልሳለሁ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ እኔም እጄ ላይ ካልገባ አላምንም ብዬ ነበር።

ሰባተኛው ወር ገባ። ሁለቱም እዚህ አልደረሱም ነበርና በልቤ ትንሽ ትንሽ መቁጠር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድመቷ እንደ ልማዷ ዘላ አልጋው ላይ ወጣች። ሆዴ ጋ ደረሰች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። ከዚያ ወርዳ በሩ ሥር ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። «ነይ» አልኳት። አልመጣችም። ወተት አሳየኋት። ዞር ብላ ወተቱን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ በሩን ማየት ጀመረች።

ሞቋት ይሆናል አልኩ። በማግሥቱም አልመጣችም። በሩ ሥር እንደተቀመጠች ዋለች፤ ሲከፈት አትወጣም፣ ሲዘጋ አትገባም። እኔ ደግሞ ሆዴን ማዳመጥ ጀመርኩ። ትናንት መቼ ነው የተራገጠው? ጠዋት? ጠዋት አንዴ የሆነ ነገር ተሰምቶኛል፤ እሱም የራሴ አንጀት ሊሆን ይችላል። ራሴን ያመኛል፣ ዐይኔ ሥር አብጧል፣ ግን ስተኛ የከረምኩ ሴት ነኝ፣ ምን አይነት ፊት ሊኖረኝ ነው? ይህን ሁሉ ለራሴ እያልኩ በፍጥነት እሠራ ነበር። እጅጌውን ጨረስኩ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ቀለበት አመለጠኝ፣ አላነሣሁትም። ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ያንን ግራጫ ጀርባ አየዋለሁ።

ለሰው መናገር ነበረብኝ? አዎ። ግን ስናገረው እውነት የሚሆን መሰለኝ። የተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብዬ ተኛሁ። ድመቷ ያን ጊዜ ምን እንደሸተታት እስከ ዛሬ አላውቅም። ለተማሪ ከሆነ መልስ አላጣም፤ ደም ሲታመም የገላ ሽታ ይለወጣል፣ ድመት ደግሞ ከእኛ ይልቅ ታሸታለች እላለሁ። ለራሴ ግን ይህ መልስ አልሆነኝም።

ኤዶ በማለዳ አሸዋውን ልታጸዳ ገባች። ሣጥኑን አነሣች። ድመቷን አየቻት፣ ከዚያ ባዶውን ሆዴን፣ ድመት የሌለበትን ሆዴን አየች።

«ምን ሆናችሁ? ተጣላችሁ?» አለች።

«ጠላችኝ» አልኳት። አንዲት ቃል ናት ያወጣሁት፣ እሷም ስለ ድመት ነች፤ ኤዶ ግን ሣጥኑን መሬት አስቀመጠች። እጇን ታጥባ መጣች፣ ሳትጠይቀኝ ብርድ ልብሱን ገልጣ መዳፏን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ብዙ ልጅ የወለደች እጅ ናት። ብዙ ቆየች። ቦታ ቀየረች፣ እንደገና ቆየች። ፊቷን አነብ ነበር፤ ፊቷ ምንም አላለኝም፤ የፈራሁትም ለዚህ ነው።

«ተነሺ መዓሊማ፣ ቀስ ብለሽ። ባጃጅ ልጥራ።»

ባጃጅ ከተማችን የገባ ሰሞን ነው። ሹፌሩ መንገዱን ሊበርበት ሲል ኤዶ ከኋላ ትከሻውን እየመታች «ታርቲብ! ታርቲብ!» ትለዋለች፣ ቀስ በል ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ በጥርሴ ነው ያለፈው። ሆስፒታል ስንደርስ አዋላጇ ደሜን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዚያ ያቺን ቀንድ የመሰለች ማዳመጫ ሆዴ ላይ ደግና ጆሮዋን አስጠጋች። ማዳመጫውን አነሣች፣ ሌላ ቦታ ደገነች። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ምንም። ልጄ ትሙት ትዳን የሚል ሐሳብ እንኳ ወደ አፌ እንዳይደርስ ምላሴን ነክሼ ይዤ ነበር።

«አለ። ይመታል» አለች አዋላጇ። «ግን ደክሟል። የአንቺም ግፊት ከፍ ብሏል። ማዋለድ አለብን፤ መጠበቅ አይቻልም።»

ባለቤቴ ጋ ደወሌ ተደወለ። እሱ መንገድ ላይ እያለ እኔ አማጥኩ። ንጋት ላይ ተወለደች። ሴት ነበረች፤ ኤዶ ልክ ነበረች። አለቀሰች። ሰዎች በኋላ አላለቀሰችም ሊሉኝ ሞክረዋል፣ ለእኔ ብለው። አልቅሳለች። ቀጭን ነበረ ድምፅዋ፣ በሩ ቢዘጋ የማይሰማ፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ሰምተነዋል።

«ልብስ አምጡ» አለች አዋላጇ።

ልብስ የለም። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ሆስፒታል የመጣሁት በእጄ አንድ ጨርቅ ሳልይዝ ነው። ትራሴ ሥር የታጠፈ፣ የታጠበ፣ ልኳ የሆነ ሹራብ ሞልቷል፤ ሰው ልኬ ማስመጣት እችል ነበር። ለመናገር አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣ አለኝ። የድመት ነው ብዬ ስንት ወር ተናግሬ አሁን የልጄ ነው ብል ያ ስሙን የማልጠራው ይሰማኛል ብዬ ፈራሁ። ልጄ እራቁቷን እየተንቀጠቀጠች እኔ ከእሱ ጋር እደባበቅ ነበር። ኤዶ ጊዜ አላጠፋችም። ከትከሻዋ ላይ ሻርፗን አውልቃ ጠቀለለቻት።

አዋላጇ ደረቴን ገልጣ ገላዬ ላይ አስቀመጠቻት። «ሙቀትሽ ያስፈልጋታል፤ እንዲህ አድርገሽ ያዣት» አለችኝ። ያዝኳት። ወደ ጣሪያው እያየሁ ነበር የያዝኳት። ክብደቷ የለም ማለት ይቻላል፤ ድመቷ ትከብድ ነበር። ትንፋሿ አንገቴ ሥር ይመጣል፣ ይቆያል፣ ይመጣል። አላየኋትም። ካየኋት እንደፈለግኋት ይታወቃል።

«እያት እንጂ!» አለች ኤዶ። ተቆጥታ ነበር። «እናቷ አይደለሽም? እያት!»

አየኋት። የባለቤቴ ግንባር ነበራት፤ ያ ሲናደድ መሐሉ ላይ የሚሸበሸበው ግንባር፣ እንደዚያው ተሸብሽቦ። ከንፈሯ አንድ ነገር የሚጠባ ይመስላል። ጣቶቿ የአንገቴን ቆዳ ይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ ዐይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም። ቄስ ይጠራ ተባለ፣ ሰው ተላከ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ደረሰች። ትንፋሿ መጣ፣ ቆየ። መጣ። ቆየ። ከዚያ አልመጣም። ቄሱን አልጠበቀችም።

አዋላጇ መጥታ አዳምጣ አንገቷን ነቀነቀችና ልትወስዳት እጇን ዘረጋች። እኔ አልለቀቅሁም። ከጎኔ አልጋ ላይ ያለችውን ልጇን የምታስታምም አንዲት የደጋ ሴት ተነሥታ መጣች። ደግ ሴት ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ስታቀብለኝ ያደረች። ግንባሬን እየዳበሰች «አታልቅሺ ልጄ፤ ላልተጠመቀ ጨቅላ አይለቀስም። ደም ነው እሱ። ሌላ ይሰጥሻል» አለችኝ። እናቴም ብትኖር የምትለው ይህንኑ ነው። እኔም ራሴ ለሌላ ሴት ብያለሁ። ስለዚህ አላለቀስኩም። ጥርሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ።

ኤዶ ከአልጋው በወዲያኛው በኩል ቆማ ነበር።

«ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«ስም የላትም» አልኳት።

«እንዴት ስም የላትም?»

የደጋዋ ሴት «ተዪያት እንጂ፣ አታድክሚያት» አለች።

«አልቅሳለች» አለች ኤዶ። «በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ያለቀሰ ልጅ መጥቷል ማለት ነው። የመጣ ሰው ስም አለው። ስም ሳንሰጣት አፈር ልናለብሳት ነው? አላህ ፊት ማን ብለው ይጠሯታል? መዓሊማ፣ ስሟን ንገሪኝ።»

አላወጣሁላትም ልላት ነበር። እውነቴን ነው፤ በዚያ ሁሉ ወር አንድም ቀን ስም አላሰብኩም፣ እንዳላስብ እየተጠነቀቅሁ ነው የኖርኩት። አፌን ስከፍት ግን ስሟ ወጣ። ሙሉውን፣ ሳልንተባተብ፣ ብዙ ጊዜ እንደተጠራ ስም። መቼ እንዳወጣሁት አላውቅም። ከማን ደብቄው እንደነበር ግን ያኔ ገባኝ። ከራሴ ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የእሷ ነው።

ኤዶ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። ከዚያ ቀና ብላ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ በሙሉ ድምፅዋ ጠራቻት። እኔም ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት፣ ከዚያም ልጄ ብዬ ጮኼ አለቀስኩ።